ጡቡ ቢተኛም ቢቆምም፦ ሰበቃን በቤት ዕቃ የመለኪያ መመሪያ

ክፍል ውስጥ ይህን ትምህርት ሁልጊዜ የምጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው። ጡብ ሲጎተት የሚከብደው በሰፊው ጎኑ ተኝቶ ነው ወይስ በጠባቡ ጎኑ ቆሞ? ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ «ሲተኛ!» ይላሉ። ምክንያትም አላቸው፤ ሲተኛ ብዙ ቦታ ይነካል፣ ብዙ ቦታ ከነካ ደግሞ ብዙ ይፋተጋል። ያሳምናል። ጡቡን በሚዛን ስንጎትተው ግን ቢተኛም ቢቆምም ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር በጣም ተቀራራቢ ይሆናል። ያኔ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል» የሚል ድምፅ ይነሳል።

ሚዛኑ አልተበላሸም። ነገሩን ራሳችሁ ለክታችሁ ካላያችሁት ግን በቃል ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ ባታምኑኝም ደስ ይለኛል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላለ ተማሪ፣ ልጁን ለሚያግዝ ወላጅና ቤተ ሙከራ ለሌለው መምህር የሚሆን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ስለ ቃሉ ትንሽ። መማሪያ መጽሐፉ «ሰበቃ» የሚለውን በየቤታችን «ፍትጊያ» እንለዋለን፤ አንድ ነው። ሰበቃ ሁለት መልክ አለው። ከባድ ቁም ሳጥን ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም ያውቃቸዋል፦ መጀመሪያ ከቦታው ለማስነሳት ጥርስ ያስነክሳል፣ ከተነሳ በኋላ ግን መግፋቱ ቀለል ይላል። እኛ የምንለካው የመጀመሪያውን፣ ማለትም የቆመውን ነገር ይዞ አላስነሳ የሚለውን ነው። ለመለካት የሚቀለውም እሱ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አናጺ ቤት ሂዱና ከተረፈ እንጨት ሁለት እኩል ቁራጮች አስቆርጡ፤ ርዝመታቸው 20፣ ስፋታቸው 10፣ ውፍረታቸው 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ዋንዛም ይሁን ባሕር ዛፍ ለውጥ የለውም፤ ዋናው ነገር ሁለቱም ከአንድ ጣውላ የወጡ መሆናቸው ነው። አናጺው በአንድ ዓይነት የብርጭቆ ወረቀት ሁሉንም ጎን እኩል እንዲያለሰልስላችሁ ጠይቁት። ቫርኒሽ ግን አታስቀቡ። እኔ በተማሪነቴ ለማሳመር ብዬ ቀብቼ በደንብ ሳይደርቅ ሞከርኩት፤ እንጨቱ ጠረጴዛው ላይ ተጣበቀና የለካሁት የቫርኒሹን ማጣበቅ እንጂ ሰበቃን አልነበረም።

ሌላው ከቤት የሚገኝ ነው። አንገቱ የተቆረጠ ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲባጎ፣ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ማስመሪያ፣ ፕላስተር፣ ክሩ ያለቀበት የስፌት ክር መጠቅለያና በመጠቅለያው ቀዳዳ የሚያልፍ እስክሪብቶ። ውሃ ይፈስሳልና ከጠረጴዛው ሥር የሚቀመጥ ሳፋም አዘጋጁ።

ለመጎተቻ ወለሎች፦ የደብተር ወረቀት፣ አቡጀዲ፣ ቁጥሩ 60 የሆነና ቁጥሩ 240 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል፣ ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚያስበው)፣ ጠርዙ በፕላስተር የተሸፈነ ቁራጭ መስታወት፣ እንዲሁም ከጎሚስታ የሚገኝ አሮጌ ካላማዳሪ። ካላማዳሪውን በቁመቱ ቀዳችሁ ዘርጉት፣ በሳሙና አጥባችሁም አድርቁት፤ ውስጡ ነጭ ዱቄት ስለሚኖር ካልታጠበ ልኬቱን ያበላሻል።

ሚዛን የግድ ቤት ውስጥ መኖር የለበትም። ሁለቱን እንጨቶችና ባዶውን ጠርሙስ ከነሲባጎው ሱቅ ወስዳችሁ በዲጂታል ሚዛን አስመዝኑና ቁጥሩን ጻፉ። ሻንጣ የሚመዘንበት ተንጠልጣይ ሚዛን ያላችሁ «በእሱ እየጎተትን እናንብብ» ትሉ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ትንንሽ ልዩነት አያሳይም፣ ቁጥሩም ሲጎተት ስለሚዘልል ዓይን ያታልላል። ውሃው ይሻላል። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ስለሚመዝን ሲሪንጁ ራሱ ሚዛን ይሆንላችኋል።

ደረጃ 1፦ መጎተቻውን መሥራት

እስክሪብቶውን በክር መጠቅለያው ቀዳዳ አሳልፉና ሁለቱን ጫፎቹን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በፕላስተር አጥብቁ። መጠቅለያው እንደ ልቡ መሽከርከር አለበት፤ ይህ በከራችሁ ነው። ሲባጎውን በቀጥታ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ብታሳልፉት ሲባጎው ራሱ ከጠርዙ ጋር ስለሚፋተግ የማትፈልጉት ሰበቃ ይደመርባችኋል።

የሲባጎውን አንድ ጫፍ እንጨቱ ላይ እሰሩ። አስተሳሰሩ ወሳኝ ነው። ሲባጎው በእንጨቱ ጎኖች ዙሪያ፣ ከታች አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዙር እንጂ በሥሩ አይለፍ። ከፍ አድርጋችሁ ብታስሩት እንጨቱ ከመንሸራተት ይልቅ ወደ ፊት ሊደፋ ይችላል። ከእንጨቱ እስከ በከራው ያለው ሲባጎ ደግሞ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ይሁን። ወደ ላይ ከዘነበለ እንጨቱን በትንሹ ያነሳዋል፣ ወደ ታች ከዘነበለ ይጫነዋል፤ በሁለቱም ቁጥሩ ይዛባል። በሌላው ጫፍ ጠርሙሱን አንጠልጥሉ፣ ከሳፋው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ይበል።

ደረጃ 2፦ አንድ ልኬት መውሰድ

እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ በእርሳስ ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ አስቀምጡ። አትጫኑት፣ ዝም ብላችሁ አሳርፉት። 30 ሴኮንድ ቁጠሩ። ከዚያ በሲሪንጁ ውሃውን በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ፤ ከላይ ብታንጠባጥቡት ጠብታው ጠርሙሱን ይነቀንቀዋል። መጀመሪያ አሥር አሥር ሚሊ ሊትር፣ ሊነሳ ሲቃረብ ሁለት ሁለት እያላችሁ ጨምሩ። እንጨቱ ሸርተት ባለበት ቅጽበት አቁሙና የገባውን ውሃ ጻፉ።

30 ሴኮንዱን ቀልድ አታድርጉት። ሁለት ነገሮች ተነካክተው በቆዩ ቁጥር ለማስነሳት የሚጠይቁት ኃይል ይጨምራል። ፈረንሳዊው ሻርል ኩሎም እ.ኤ.አ. በ1785 በታተመው ጥናቱ እንጨትን ሲፈትሽ ይህንኑ አስተውሏል። አንዱን ልኬት ወዲያው፣ ሌላውን ሻይ ጠጥታችሁ ከመጣችሁ በኋላ ከወሰዳችሁ ልዩነቱ የወለሉ ይመስላችኋል፤ የሻዩ ነው።

እያንዳንዱን ልኬት አምስት ጊዜ ድገሙ። አምስቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት አይሆኑም፣ መሆንም የለባቸውም። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሯቸውና መካከለኛውን ውሰዱ። አምስቱም በትክክል አንድ ቁጥር የሆኑበት ደብተር ሲመጣልኝ፣ አንዴ ተለክቶ አራት ጊዜ እንደተገለበጠ ወዲያው ይገባኛል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ማውጣት

ስሌቱ አንድ ማካፈል ብቻ ነው፦ የጠርሙሱና የውሃው ክብደት ሲካፈል ለእንጨቱ ክብደት። ለምሳሌ ተደራርበው የሚጎተቱት ሁለቱ እንጨቶች በአንድ ላይ 1000 ግራም ቢመዝኑ፣ ጠርሙሱ ከነሲባጎው 30 ግራም ቢሆንና እንጨቱ በ310 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢነሳ፣ 340 ለ1000 ተካፍሎ 0.34 ይሆናል። ይህ ለነዚያ ሁለት ገጾች የሰበቃ መለያ ቁጥር ነው። ላይና ታች ያሉት ሁለቱም ግራም ስለሆኑ ወደ ኒውተን መቀየር አያስፈልግም፤ መምህራችሁ ኃይሉን በኒውተን ከፈለገ ግን 100 ግራም ወደ 0.98 ኒውተን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ይሄ ነው፦ የሰበቃ ኃይል ከላይ በተጫነው ክብደት ልክ ስለሚያድግ፣ ለክብደቱ ስናካፍለው የክብደቱ ተጽዕኖ ይወጣል። የሚቀረው የገጾቹ ጠባይ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ እንጨቱ ላይ ግማሽ ኪሎ ስኳር ጫኑና እንደገና ለኩ። ውሃው ይጨምራል፣ ቁጥሩ እዚያው አካባቢ ይቆያል።

ደረጃ 4፦ ስፋትን መፈተሽ

እዚህ ላይ ነው ብዙ የሳይንስ ሥራ የሚበላሸው። የተለመደው አሠራር አንዱን እንጨት አንዴ በሰፊው ጎን፣ አንዴ በጠባቡ፣ አንዴ በቁመቱ እያገላበጡ መጎተት ነው። ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በቁመቱ ስታቆሙት መሬት የሚነካው የእንጨቱ ጫፍ፣ መጋዝ አቋርጦ የቆረጠው ክፍል ነው። የዚያ ጎን ጭረት ከሌሎቹ ይለያል፣ ይሻክራልም። ስለዚህ ስፋትን ብቻ የቀየራችሁ ሲመስላችሁ ሻካራነቱንም ቀይራችኋል። ቁጥሩ ሲለያይ «ስፋት ለውጥ አመጣ» ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ከመልካም ልብ የመጣ ስህተት ነው፣ ግን ስህተት ነው።

የተሻለው መንገድ ሁለቱን እንጨቶች መጠቀም ነው። መጀመሪያ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡና ለኩ፤ የሚነካው ስፋት 200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ቀጥሎ ሁለቱን እንደ ባቡር ፉርጎ ፊትና ኋላ አሰልፋችሁ ለኩ፤ ስፋቱ 400 ሆነ። ክብደቱ ያው፣ እንጨቱ ያው፣ ጎኑም ያው ሰፊው ጎን። የተቀየረው ስፋቱ ብቻ ነው። ስታሰልፏቸው በላላ ክር አታያይዟቸው፤ የፊተኛው ቀድሞ ይነሳና ግማሹን ብቻ ትለካላችሁ። ከላያቸው ማስመሪያ አጋድማችሁ በፕላስተር አጥብቁ። ስትደርቧቸውም ያንኑ ማስመሪያ ከላይ አስቀምጡት፣ ክብደቱ ከሁለቱም ወገን እንዲቆጠር።

ውጤቱ ተቀራራቢ ቁጥር ይሆናል። ትንሽ ልዩነት ካለ ከአምስቱ ልኬቶቻችሁ መዋዠቅ ይበልጥ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ካልበለጠ ልዩነት የለም ማለት ነው።

ይህ ነገር ለማመን ያስቸገረው እናንተን ብቻ አይደለም። ጊዮም አሞንቶን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1699 ፓሪስ ለነበረው የሳይንስ አካዳሚ ሰበቃ በክብደት እንጂ በስፋት አይወሰንም ብሎ ሲያቀርብ አባላቱ ተጠራጠሩትና ሙከራው በሌላ አባል እንዲደገም ተደረገ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ከአሞንቶን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ይህንኑ ደርሶበት ማስታወሻው ላይ አስፍሮት ነበር፤ ማስታወሻው ስላልታተመ ግን ማንም አላወቀለትም። አሞንቶንም ቢሆን ሁሉም ልክ አልሆነለትም። ሰበቃ ለየትኛውም ዕቃ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ነው ብሎ ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ስትጨርሱ የት ላይ እንደተሳሳተ ታያላችሁ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የተለሰለሰ እንጨት ለዓይን ሜዳ ይመስላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን እንደ ስሜን ተራሮች ጫፍና ገደል ነው። ሁለት እንጨቶች ሲነካኩ በትክክል የሚገናኙት የጫፎቹ አናት ብቻ ነው፣ ይህም በማስመሪያ ከምንለካው ስፋት እጅግ ጥቂቱ ነው። ክብደት ሲጨመር ጫፎቹ ይጨፈለቃሉ፣ እውነተኛው መነካካት ይሰፋል፣ ሰበቃውም ያድጋል። ሰፊ ጎን ላይ ስናስተኛው ደግሞ ብዙ ጫፎች ይሸከሙታል፣ ግን እያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው ጥቂት ስለሆነ እምብዛም አይጨፈለቁም። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይላሉ። ለተሸካሚው ይቀለዋል፣ ሎሚው ግን ያው ሃምሳ ነው። ይህን ማብራሪያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሙከራ ያጠናከሩት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ቦውደንና ታቦር ናቸው።

ደረጃ 5፦ የገጽን ሻካራነት መፈተሽ

አሁን ስፋቱን እንተወውና ሁለቱን እንጨቶች ደርባችሁ ወለሉን ብቻ ቀያይሩ። እያንዳንዱን ወለል ጠረጴዛው ላይ ዳር ዳሩን በፕላስተር ወጥሩ፤ አቡጀዲው ከተጨማደደ እንጨቱ ሽብሽቡን እየገፋ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉም አለው፦ መስታወት፣ ወረቀት፣ አቡጀዲ፣ ካላማዳሪ፣ በመጨረሻ የብርጭቆ ወረቀቶቹ፣ መጀመሪያ 240 ከዚያ 60። የብርጭቆ ወረቀት እንጨቱን ይቧጭረዋልና ቀድሞ ከገባ ቀጣዩን ልኬት ሁሉ በተቧጨረ እንጨት ነው የምትወስዱት። የእንጨቱን ሥር በእጃችሁ አትንኩ፣ የእጅ ወዝ ያሟልጨዋል።

ካላማዳሪውና የብርጭቆ ወረቀቱ ከወረቀትና ከመስታወት በግልጽ በልጠው ይወጣሉ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ሊገባ ይችላል። እስከዚህ ድረስ «ሻካራ ይይዛል፣ ልሙጥ ያንሸራትታል» የሚለው ግምታችሁ ይሠራል። እናቶቻችን ያለ ፊዚክስ መጽሐፍ ያውቁት ነበር፤ የእጅ ወፍጮ ሲሟልጭ እህሉ ከመጁ ሥር እየሸሸ አልፈጭ ስለሚል ድንጋዩ እንደገና ይወቀራል።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ግምቱን ያፋልሱታል። አንደኛው፣ በ60ና በ240 የብርጭቆ ወረቀት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት ያንሳል፤ ጣት የሚሰማው ሻካራነትና ሰበቃ አብረው አያድጉም። ሁለተኛው ካላማዳሪው ነው። ዳስሱት፣ ከቁጥር 60 ወረቀት ጋር ሲነጻጸር ልሙጥ ነው፣ አያያዙ ግን ከብዙ ሻካራ ነገር ይበልጣል። ጎማ ለስላሳ ስለሆነ ወደ እንጨቱ ስርጉድ ገብቶ ይሞላዋል፣ እውነተኛው መነካካትም ይሰፋል። በጣም ንጹህ በሆኑ ልሙጥ ገጾችም ተመሳሳይ ነገር አለ። በፊዚክስ ሠንጠረዦች ላይ ደረቅና ንጹህ መስታወት በመስታወት ላይ ወደ 0.9 ይደርሳል፤ እንጨት በእንጨት ላይ ግን ከ0.25 እስከ 0.5 ነው። ልሙጥ ማለት ሁልጊዜ አንሸራታች ማለት አይደለም።

ስለ መኪና ጎማ የሚነሳ ጥያቄ አይቀርም፦ ስፋት ለውጥ ከሌለው ለምን ጎማ ሰፊ ይሠራል? ጎማ እንደ እንጨትና ብረት አይታዘዝም። በጠባብ ቦታ በኃይል ሲጫኑት አያያዙ ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፣ ስለዚህ ሰፋ ማለት ይጠቅመዋል፤ ሙቀቱንና መበላቱንም ያከፋፍልለታል። ጥርሱ ደግሞ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመያዝ የተሠራ አይደለም። ሥራው ዝናብ ሲሆን ውሃውን ከሥር ማስወጣት ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በበጋ ደህና ይዞ ሰውን የሚያዘናጋውና ክረምት ሲገባ ጉድ የሚሠራው ለዚህ ነው።

በከራ መሥራት ላልሆነላችሁ

አንድ ሜትር ጣውላ ብቻ ካላችሁም ይቻላል። እንጨቱን ጣውላው ላይ አስቀምጡና አንዱን ጫፍ በጣም በዝግታ አንሱ። እንጨቱ ሸርተት ሲል ያዙት፣ ሌላ ሰው በሜትር ሁለት ነገር ይለካ፦ ጫፉ ከወለሉ የተነሳበትን ከፍታና በወለሉ ላይ ያለውን አግድም ርቀት። ከፍታው ለአግድሙ ሲካፈል ያው የሰበቃ ቁጥር ይወጣል። የተለመደው ስህተት ለጣውላው ርዝመት ማካፈል ነው። ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አግድሙ 80 ይሆናል፤ ትክክሉ 0.75 ነው፣ በ100 ያካፈለ ግን 0.60 ያገኛል። በዚህ ዘዴ እንጨቱን በቁመቱ አታቁሙት፤ ሳይንሸራተት ይገለበጣል።

ደረጃ 6፦ እርጥቡን ወደ መጨረሻ

ውሃ፣ የሳሙና ውሃና ዘይት ምን እንደሚያደርጉ ማየት ከፈለጋችሁ ሌላው ሁሉ ተለክቶ ከተመዘገበ በኋላ ይሁን። መስታወቱ ላይ ተመሳሳይ መጠን፣ ለምሳሌ በሲሪንጅ ሁለት ሚሊ ሊትር ቀቡና እንደ ወትሮው ለኩ። ለሦስቱም ፈሳሾች አንድ እንጨት አትጠቀሙ፤ ዘይት የነካው እንጨት ከዚያ በኋላ ዘይት ነው። ሦስተኛ ቁራጭ ከአናጺው ካስተረፋችሁ ለዘይቱ እሱን ሰዉ። ውሃ የነካውም ያብጣል፣ ጭረቱም ይነሳል፤ በማግስቱ ደርቆ ብትለኩት የትናንቱን ቁጥር አይሰጣችሁም። ለሌላ ክፍል ልታቆዩት ከሆነ ጥላ ውስጥ አድርቁትና በዚያው በአናጺው የብርጭቆ ወረቀት እንደገና አለስልሱት። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይጣመማል፣ የተጣመመ እንጨት ደግሞ መሬት የሚነካው በሁለት ማዕዘኑ ብቻ ነው።